ጥቆማ፦ ከአኩሪ አተር የትኛው ይገዛ፣ የትኛው ይቅር?

ጾም ሲገባ ስለ አኩሪ አተር (ሶያ) አንድ ጥያቄ አብሮ ይገባል፤ «ሶያ ጥሩ ነው ወይስ ይጎዳል?» ሰሞኑንም በውስጥ መስመር ብዙ ሰው ጠይቆኛል። ግማሹ ስጋን ይተካል ሲባል ሰምቷል። ግማሹ ደግሞ ወንዱን ጡት ያወጣል፣ ሴቷን ካንሰር ያሲዛል የሚል ቪዲዮ አይቶ ፈርቷል። የኔ መልስ አጭር ነው። አኩሪ አተር በደንብ ከበሰለና በምግብ መልክ ከተበላ ለጤነኛ ሰው ጥሩ ምግብ ነው። ችግሩ ሶያ ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ አንድ አለመሆኑ ነው። ሶይ ሶሱም ሶያ ነው፣ እንክብሉም ሶያ ነው፣ የካፌው የጾም ወተትም ሶያ ነው ይባላል። ስለዚህ በየዓይነቱ እንሂድ።

መጀመሪያ የምጠቁመው እህሉን ራሱን ነው። አዲስ አበባ ላላችሁ መርካቶ እህል በረንዳ አለ፤ የሰፈር ባልትና ቤቶችም ይይዙታል። እዚሁ አገራችን፣ ፓዌ፣ ጅማና ወለጋ አካባቢ የሚበቅል ነው። 100 ግራም ደረቅ አኩሪ አተር ውስጥ 36 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለ። ምስር 25፣ ሽምብራ 20 አካባቢ ናቸው። በዚያ ላይ የፕሮቲኑ ጥራት ከእንስሳት ምግብ ብዙም አይርቅም፤ ሰውነት ራሱ መሥራት የማይችላቸውን አሚኖ አሲዶች ሁሉ ይዟል። ስትገዙ እፍኝ አድርጋችሁ እዩት። ክብ፣ ለስላሳ፣ ወደ ቢጫ የሚያደላ ይሁን። የተጨማደደ፣ አረንጓዴ የበዛበት ወይም ሻጋታ ሻጋታ የሚሸት ከሆነ እለፉት።

አደራ የምለው ግን ጥሬውን ወይም ግማሽ ጥሬውን እንዳትበሉ ነው። ጥሬ አኩሪ አተር ሆዳችን ፕሮቲን የሚፈጭበትን ኢንዛይም የሚያግድ ነገር አለው። ይህን የሚያጠፋው ሙቀት ነው። «ሶያ አይስማማኝም፣ ሆዴን ይነፋኛል» የሚል ሰው ሲገጥመኝ መጀመሪያ የምጠይቀው እንዴት እንደተዘጋጀ ነው። ቆሎ ውስጥ ገብቶ ሲሸጥም ይሄው ነው። አንዷን ፍሬ በጥርሳችሁ ለሁለት ክፈሉና ውስጧን እዩ። ላይዋ ጠቁሮ ውስጧ ነጣ ካለ፣ ስትታኘክም ጥሬ ጥሬ ካለች፣ እሳቱ በዝቶ ጊዜው አንሷል ማለት ነው። ጥሩ ቆሎ እስከ ውስጡ ወርቃማ ነው፤ ቀጭ ብሎ ይሰበራል።

ለቤት ምርጡ አጠቃቀም ሽሮ ውስጥ መቀላቀል ነው ባይ ነኝ። ቀቀል ተደርጎ፣ ተሰጥቶ፣ በመካከለኛ እሳት ታምሶ፣ ተከክቶ ከአተሩና ከሽምብራው ጋር ይፈጫል። ለአራት እጅ አተር አንድ እጅ አኩሪ አተር ይበቃል። ከዚያ ካለፈ ሽሮው አልወፍር ይላል፤ አኩሪ አተር ስታርች የለውም ማለት ይቻላል። ቅባታም ስለሆነም ለብቻው ከማስፈጨት ከሌላው ጋር ቀላቅሎ ማስፈጨት ይሻላል። ይሄው ቅባት ዱቄቱን ቶሎ ያበላሸዋል፤ የዓመት ሽሮ ለምታዘጋጁ እናቶች ይሄ አይሆንም። ጥቂት ጥቂት አስፈጩ። ባልትና ቤት የተዘጋጀውን ስትገዙም መቼ እንደተፈጨ ጠይቁ። የተበላሸ ዘይት ሽታ ካለው አትክፈሉበት።

አሁን ወደ ካፌ እንምጣ። የጾም ማኪያቶ ጥሩ ፈጠራ ነው፣ ጾመኛውን ከጥቁር ቡና ገላግሎታል። ግን «ወተቱ ከምንድነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። አንዱ ቤት የአኩሪ አተር ወተት ነው፣ ሌላው የኦቾሎኒ፣ ሌላው ደግሞ በውሃ የሚበጠበጥ ነጭ ዱቄት ነው። ዱቄቱ ላይ ነው ጉዱ። ብዙዎቹ የቡና ማንጫ ዱቄቶች ሶዲየም ካዚኔት የሚባል ነገር አለባቸው፤ እሱ ደግሞ ከላም ወተት የሚወጣ ፕሮቲን ነው። የጾም ተብሎ ተሽጦላችሁ ወተት ጠጣችሁ ማለት ነው! አንድ ካፌ፣ ስሙን ልተወው፣ ስጠይቅ አስተናጋጁ ጣሳውን አምጥቶ አሳየኝ። «ሶያ ነው» ሲለኝ የነበረው ካዚኔት ያለበት ነበር። ልጁም አላወቀም፤ ማን ያነበዋል። በወተት አለርጂ ላለበት ሰው ግን ይሄ የጾም ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ስለዚህ የአኩሪ አተር ወተት ወዳጅ ከሆናችሁ ቤት መሥራቱ ይሻላል። ሌሊቱን ይዘፈዘፋል፣ ታሽቶ ልጣጩ ይወጣል፣ በሙቅ ውሃ ይፈጫል፣ በነጠላ ጨርቅ ይጠለላል። ሙቁ ውሃ ለጌጥ አይደለም። ያ ብዙ ሰው የሚጠላው የጥሬ ባቄላ ሽታ የሚመጣው እህሉ በቀዝቃዛ ውሃ ሲፈጭ ከሚነቃ ኢንዛይም ነው። ከዚያ መፍላት አለበት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ገና ሳይፈላ አረፋው ብድግ ብሎ ከድስቱ ሊወጣ ይደርሳል፤ ፈላ ተብሎ ይወርዳል። አልፈላም! እሳቱን ቀንሱ፣ አረፋውን ቅዱለት፣ እያማሰላችሁ ለሃያ ደቂቃ ያህል ይንተክተክ። ጨርቁ ላይ የቀረውን አትድፉት፤ ዳቦ ሊጥ ውስጥ ይገባል።

የቤት ወተቱ አንድ ጉድለት አለው። ፕሮቲኑ ከላም ወተት ጋር ይቀራረባል፤ ካልሲየሙ ግን በጣም ያንሳል። ቫይታሚን ቢ12ም የለውም። ጾሙን ጾሞ በፍስክ ወተትና እንቁላል ለሚበላ ሰው ይሄ አያሳስብም። ጭራሽ ከእንስሳት ምግብ የወጣችሁ ግን ቢ12 ከሌላ ቦታ ማግኘት አለባችሁ።

የሶያ ስጋ የሚባለው ደግሞ ዘይቱ ከወጣለት የአኩሪ አተር ዱቄት በማሽን ተጨምቆ የሚሠራ ነው። ደረቁ ግማሽ ያህሉ ፕሮቲን ነው፣ ስቡ ትንሽ ነው። በራሱ ምንም ጣዕም የለውም፤ ስፖንጅ ነው፣ የሰጣችሁትን ይመጥጣል። በሙቅ ውሃ ዘፍዝፋችሁ ጨምቁት፣ ውሃውን ድፉት፣ አሁንም ድገሙት። ከዚያ ቀይ ሽንኩርት፣ ሮዝመሪ፣ ቃሪያ፤ ጥብስ ነው። ምግብ ቤት የሚቀርበውን «የጾም ክትፎ» እና «የጾም ጥብስ» ግን በጤና ምግብነት አልጠቁምም። ሶያው ምንም አላጠፋም፤ የሚዋኝበት ዘይትና ጨው ነው ችግሩ። ስትገዙ በክፍት ጆንያ ከሚዛቀው ይልቅ የታሸገውን፣ ቀን ያለበትን ያዙ።

ለልጆች የጠየቃችሁኝ አላችሁ። ፋፋ ብዙዎቻችንን ያሳደገ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በስዊድኖች ትብብር የተጀመረ፣ እህልና ጥራጥሬ ቀላቅሎ የሚሠራ ነው፤ አኩሪ አተርም አለበት። ከስድስት ወር በኋላ ተጨማሪ ምግብ ለሚጀምር ልጅ እንዲህ ያለ ድብልቅ ገንፎ ጥሩ ነው። ግን የቤት የአኩሪ አተር ወተት ለጨቅላ በጡት ወይም በፎርሙላ ምትክ አይሰጥም። በፍጹም። ፎርሙላን ፎርሙላ የሚያሰኘው የተጨመረለት ቫይታሚንና ማዕድን ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 እስራኤል ውስጥ ከአኩሪ አተር የተሠራ የሕፃናት ፎርሙላ ቫይታሚን ቢ1 ጎድሎት ሕፃናት ሞተዋል፣ ሌሎችም ለዘለቄታ ተጎድተዋል። እዚያ ያላችሁ ወገኖች ታስታውሱታላችሁ። በፋብሪካ የተሠራው አንድ ቫይታሚን ጎድሎት እንዲህ ከሆነ፣ የኛ ድስት ውስጥ ያለው ስንቱ እንደሚጎድለው አስቡት።

ወደ ወሬው ልመለስ። አኩሪ አተር ውስጥ አይሶፍላቮን የሚባሉ ከሴት ሆርሞን ጋር በቅርጽ የሚመሳሰሉ ንጥረ ነገሮች አሉ። ፍርሃቱ ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው። ሆኖም ኃይላቸው ከእውነተኛው ሆርሞን በጣም ደካማ ነው። ወንዶች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ተሰባስበው ሲታዩ ሶያ ቴስቶስትሮንን አልቀነሰም። «ጡት አወጣ» የተባለውስ? አዎ፣ አሜሪካ ውስጥ አንድ የ60 ዓመት ሰው ላይ የደረሰ እ.ኤ.አ. በ2008 በሕክምና መጽሔት ወጥቷል። ሰውዬው በቀን ሦስት ሊትር ሊሞላ የቀረው የሶያ ወተት ይጠጣ ነበር። ሲያቆም ተሻለው። አንድ ሲኒ ማኪያቶ ይዘህ የምትጨነቅ ወንድሜ፣ ተረጋጋ።

የጡት ካንሰሩም እንደዚያው። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ የሻንጋይ ጥናት የጡት ካንሰር ታክመው የተረፉ ከ5 ሺህ በላይ ሴቶችን ተከታትሏል። አኩሪ አተር በብዛት የሚበሉት ላይ ካንሰሩ የተመለሰው ባነሰ ቁጥር ነው። ልብ በሉ፣ እነዚህ ሴቶች የበሉት ምግብ ነው፤ እንክብል አልዋጡም። በኦንላይን የሚሸጠውን የአይሶፍላቮን እንክብል፣ በተለይ ካንሰር ታማ ለምታውቅ ሴት፣ እኔ አልጠቁምም። ሐኪሟን ትጠይቅ።

ማጋነኑ በሌላውም በኩል አለ። ሶያ የልብ መድኃኒት ነው የምትሉ ረጋ በሉ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ1999 በቀን 25 ግራም የሶያ ፕሮቲን የልብ በሽታን ሊቀንስ ይችላል ተብሎ ማሸጊያ ላይ እንዲጻፍ ፈቅዶ ነበር። በ2017 ማስረጃው ወጥ አይደለም ብሎ ፈቃዱን ለመሰረዝ ሐሳብ አቀረበ። መጥፎ የሚባለውን ኮሌስትሮል ይቀንሳል፣ ግን በመቶኛ ከሦስት እስከ አራት ነው። የኮሌስትሮል መድኃኒታችሁን አታቋርጡ።

በእውነት መጠንቀቅ ያለበት የእንቅርት ታካሚ ነው። ሌቮታይሮክሲን የምትወስዱ ሰዎች፣ ሶያ መድኃኒቱ ወደ ደም እንዳይገባ ያደናቅፋል። መድኃኒቱን አታቋርጡት፣ ሰዓቱን ከሶያው አራርቁት፤ አራት ሰዓት ያህል ልዩነት ይመከራል። ሌሎቻችሁም አዮዲን ያለውን ጨው ተጠቀሙ። አዮዲን ባነሰው ሰው ላይ ሶያ እንቅርቱን ሊያብስ ይችላል፤ በደጋማው አገራችን ደግሞ እንቅርት እንግዳ አይደለም። አለርጂ ያለባችሁማ ታውቁታላችሁ፣ ይቅርባችሁ።

ሶይ ሶስን ለጤና ብሎ የሚገዛ ካለ ይተወው። አንድ የሾርባ ማንኪያው 900 ሚሊግራም ገደማ ሶዲየም አለው፤ የዓለም ጤና ድርጅት የቀኑን ከ2,000 በታች አድርጉ ነው የሚለው። አብዛኛው ስንዴም አለበት። የሶያ ዘይት ደግሞ ዘይት ነው፤ ፕሮቲን የለውም። ከሚረጋው የፓልም ዘይት ጋር ካወዳደራችሁት ግን ለልብ የሶያው ይሻላል። ደጋግማችሁ አትጥበሱበት።

ውጭ አገር ላላችሁ፣ የካርቶን የሶያ ወተት የተሻለ አማራጭ ነው። አሜሪካ ሲልክ፣ አውሮፓ አልፕሮ በየሱቁ አለ። ስኳር የሌለበትን፣ ካልሲየም፣ ቫይታሚን ዲ እና ቢ12 የተጨመረበትን ያዙ። አውሮፓ ውስጥ «ባዮ» ወይም ኦርጋኒክ የሚለውን አይታችሁ በደስታ አትሩጡ፤ በሕጋቸው ምክንያት አብዛኛው ካልሲየም አይጨመርበትም። ጀርባውን ገልብጣችሁ አንብቡ። ሌላው፣ ከመቅዳታችሁ በፊት ካርቶኑን በደንብ ወዝውዙት። የተጨመረው ካልሲየም ታች ይዘቅጣል፤ ካልወዘወዛችሁት ከካርቶኑ ጋር ትጥሉታላችሁ።