«የኛ ሰው ይሉኝታ እንጂ ጸጸት የለውም» ለተባለው

የጅሬን ልጅ፦
ቅዳሜ ማታ ፊልም ካየን በኋላ ውይይት ነበር። አንድ ተናጋሪ ማይኩን ይዞ «የኛ ሰው ይሉኝታ እንጂ ጸጸት የለውም፤ ለዚህ ነው የጸጸት ድራማ የማይወጣልን» አለ። ግማሹ ቤት አጨበጨበ። እኔ ደሜ ፈላ። ሰውየው ጤዛን አላየም? ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ2008 ቬኒስ ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማት ያገኘበት ፊልም እኮ ነው። አንበርብር እግሩን አጥቶ አገሩ ይገባል። ወዳጁ ተስፋዬ ተገድሎ እሱ ተርፏል። እናቱ ቤት ሌሊት የሚያባንነው ይሉኝታ ነው?

ፈረንጅ አራዳ፦
ረጋ በል ወንድሜ። እኔም እዚያው ነበርኩ። ከነገሩ ውስጥ ግማሹ እውነት ነው። በአንድ ጤዛ ስንቱን ፊልም ትሸፍናለህ? የምናየውን እናውቃለን። ሰውየው ሚስቱን ከነልጇ ጥሎ ይጠፋል። ፊልሙን ሙሉ ይጨፍራል። መጨረሻው ላይ ሆስፒታል አልጋ ሥር ይንበረከካል፣ ሙዚቃው ይገባል፣ ይቅር ትለዋለች፣ አለቀ። የቱ ጋ ተጸጸተ?
ማንቸስተር ባይ ዘ ሲን እዩት፣ እ.ኤ.አ. የ2016ን። ዋናው ሰውዬ ሊ ጠጥቶ፣ የእሳቱን መከለያ ሳያደርግ ሱቅ ይወጣል። ቤቱ ይቃጠላል፣ ሦስት ልጆቹ ይሞታሉ። ፖሊስ ጣቢያ ቃሉን ሰጥቶ ሲጨርስ «መሄድ ትችላለህ» ይሉታል። አያምንም። እንዲቀጡት ነበር የሚጠብቀው። ሲወጣ የፖሊሱን ሽጉጥ መንትፎ ራሱ ላይ ይደግናል። ከዚያ በኋላ ያለው ሕይወቱ የሰው ሽንት ቤት መጠገንና በረዶ መጥረግ ነው። ፊልሙ መጨረሻ ላይም አይድንም። ሊን የተጫወተው ኬሲ አፍሌክ ኦስካር የወሰደው እንባ በማፍሰስ አይደለም፤ እንባው እንቢ ስላለው ነው።

የአዌቱ ማዶ፦
ፊልሙን ወድጄዋለሁ። ግን ሊ ጅማ ቢሆን ኖሮ ብቻውን አንዲት ክፍል ውስጥ ማን ይተወዋል? ጎረቤቱ አብሮት ያድራል፣ እድርተኛው ድንኳን ይተክላል፣ በግድም ቢሆን ያጎርሱታል። ያ የብቸኝነት ፊልም ነው። እኛ ብቸኝነቱ ስለሌለን ፊልማችን እርቅ ላይ ቢያልቅ ምን ያስገርማል?

ሄርማታ፦
«ማን ይተወዋል» አልሽ? እህቴ፣ ለቀስተኛ በሞላበት ድንኳን ውስጥ ብቻውን የሚነድ ሰው አላየሽም? ሰው «እግዜር ያጥናህ» ሲለው «እኔ እኮ ነኝ የገደልኳቸው» ብሎ መመለስ አይችልም። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ካሜራችን ድንኳኑን ያሳያል፣ ደረት ሲደቃ ያሳያል፣ ያንን ሰው ግን ዘሎት ያልፋል።

የአዌቱ ማዶ፦
አይቻለሁ። ግን ድንኳኑ ይነሳል፣ ሰዉ ግን ይመለሳል። ሊ ጋ የሚመለስ የለም። «ማን ይተወዋል» ያልኩት ለዚህ ነው።

ፈረንጅ አራዳ፦
ወንድሙ ኑዛዜ ላይ የልጁ አሳዳጊ አድርጎታል፣ የወንድሙ ልጅ አብሮት ነው፣ የቀድሞ ሚስቱ መንገድ ላይ አግኝታው እያለቀሰች ይቅርታ ጠይቃዋለች። አልተዉትም። እሱ ነው ራሱን የተወው! ፊልሙን እንደገና እዪው።

ጡረተኛው መምህር፦
ልጆች፣ ከሊ ቤት ውጡ። ለተናጋሪው መልስ የሚሆነው የፋርሃዲ ሴፓሬሽን ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ኦስካር ያገኘው የኢራን ፊልም። ራዚያ ፅንሷ ወርዷል። አሠሪዬ ገፍቶኝ ነው ብላ ከሳለች። ግን ከዚያ በፊት መኪና ገጭቷት ስለነበር በልቧ ጥርጣሬ ገብቷል። ለእርቅ ተሰብስበዋል። የባሏ አበዳሪዎች ተቀምጠዋል፣ ካሳው ሊከፈል ነው። አሠሪዋ ናዴር «ቁርአን ይምጣና እኔ እንዳደረግሁት ትማልልኝ» ይላል። እሷ ወደ ጓዳ ትገባለች። ባሏ ተከትሏት ይለምናታል፤ ኃጢአቱ በኔ ይሁን ይላታል። አልማለችም። ባሏ ተዋርዶ፣ ራሱን እየደበደበ ወጣ።
አሁን ፍረዱ። ይሉኝታ ቢሆን ኖሮ ትምል ነበር። ሰው ሁሉ እያየ፣ ባሏ እየተዋረደ፣ ዕዳው እየጮኸ እንቢ ያሰኛት ምንድን ነው?

የጅሬን ልጅ፦
ጋሼ እድሜ ይስጥዎ! ይሄንን ቅዳሜ መናገር ነበረብን።

ፈረንጅ አራዳ፦
ጋሼ፣ ማስረጃው ግሩም ነው። ግን የኢራን ነው። የተጠየቅነው የኛን ነው።

ጡረተኛው መምህር፦
እዚህ ከተማ መሐላ ፊት እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ጠፍቶ ነው? ታሪኩ ሞልቷል፣ የሚጽፈው ነው የጠፋው። ተናጋሪው ሰዉን ከሚሰድብ ደራሲውን ቢወቅስ አብሬው አጨበጭብ ነበር።

የአዌቱ ማዶ፦
እኔም እርቅን ያነሳሁት ለዚህ ነው። ዘ ሚሽንን ያያችሁ ታውቃላችሁ፣ እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣው። ደኒሮ የሚጫወተው ሰው ወንድሙን ገድሏል። የጦር ልብሱንና ሰይፉን በመረብ ጠቅልሎ እየጎተተ ፏፏቴውን ይወጣል። አናት ላይ ሲደርስ፣ በባርነት ሲሸጣቸው ከነበሩት ሰዎች አንዱ ቢላዋ ይዞ ይመጣል። አንገቱን የሚቆርጠው ይመስላል። ገመዱን ቆረጠለት። በኛ አገር ገዳይ ድንጋይ ተሸክሞ የሟች ቤተሰብ ፊት የሚወድቀው፣ የደም ካሳው ጉማ ተከፍሎ ደም የሚደርቀው ይሄው ነው። እርቅ ጸጸትን አያቀልለውም።

ሄርማታ፦
ልዩነቱን ደበቅሽው። ደኒሮ ያንን ሸክም ስንት ገደል እንደጎተተው ፊልሙ አሳይቶናል። መሐል ላይ አንዱ አዝኖለት ገመዱን ቢቆርጥለት፣ ወርዶ እንደገና አሰረው። የኛ ፊልም ድንጋዩን ሳያሸክም ያወርዳል። በተውባም ቢሆን መጸጸት አለ፣ መተው አለ፣ ላለመመለስ መቁረጥ አለ። የሰው ሐቅ ከሆነ ደግሞ ለባለቤቱ ሳትመልስ አይሞላም።

ፈረንጅ አራዳ፦
እንግዲያው መልሱልኝ። ገመዱን የቆረጡለት ጓራኒዎች፣ ሲሸጣቸው የነበሩት ሰዎች ናቸው። የሞተው ወንድሙ ነው። ስለ ወንድሙ ማን ይቅር አለው?

የአዌቱ ማዶ፦
እነሱንም በድሏል እኮ! የበደላቸው ይቅር አሉት።

ፈረንጅ አራዳ፦
የወንድሙን ጠየቅሁሽ።

ሄርማታ፦
ወንድሙን ፊልሙም አልመለሰም። እኔም የምወደው ለዚያ ነው።

የአዌቱ ማዶ፦
እኔ አልቀበልም። ነገ እመለሳለሁ፣ መብራት ሊሄድ ነው።