ሦስቱም እውነት ሆነው ሙግቱ ለምን አይጸናም?

ጠያቂ (ተማሪ፣ ባሕር ዳር)፦ የአመክንዮ የቤት ሥራዬ ይህ ነው፦ «በጣና ደሴቶች ላይ ያሉ ገዳማት ሁሉ በጀልባ ይደረስባቸዋል። ዳጋ እስጢፋኖስ በጀልባ ይደረስበታል። ስለዚህ ዳጋ እስጢፋኖስ በጣና ደሴት ላይ ያለ ገዳም ነው።» መምህራችን «አይጸናም፤ በአፍራሽ ምሳሌ አሳዩ» ብለውናል። ሴት ስለሆንኩ ዳጋን ባልረግጠውም ደሴት መሆኑን ማን ያጣዋል? እባካችሁ እርዱኝ።

የሆቴል ሠራተኛ፦ ቀላል ነው እህቴ። ከመንደርደሪያዎቹ (ከ«ስለዚህ» በፊት ካሉት ሁለት ዓረፍተ ነገሮች) አንዱ ሐሰት መሆኑን አሳዪና ይፈርሳል።

የሒሳብ አስተማሪ፦ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው ወንድሜ። መንደርደሪያው ሐሰት ሆኖም ሙግቱ ሊጸና ይችላል። የሚጠየቀው መንደርደሪያዎቹ እውነት ከሆኑ ድምዳሜው የግድ ይከተላል ወይ ነው። ልጄ፣ የሙግቱን ቅርጽ ሳትነኪ በዳጋ ቦታ የዘጌውን ኡራ ኪዳነ ምሕረት አስገቢ። ጎብኚው ከባሕር ዳር በጀልባ ይሄድበታል፤ ዘጌ ግን ባሕረ ገብ መሬት እንጂ ደሴት አይደለም። መንደርደሪያዎቹ እውነት፣ ድምዳሜው ሐሰት፤ አፍራሽ ምሳሌ ማለት ይህ ነው፤ አለቀ። ዳጋ ደሴት መሆኑን የምናውቀው ሐይቁን ስለምናውቅ ነው፤ ሙግቱ ምንም አልረዳንም።

ጀልባ ነጂ፦ ዘጌ እኮ በመኪናም ይገባል! ይህ ምሳሌ አይሠራም።

የሒሳብ አስተማሪ፦ ይሠራል። «በጀልባ ይደረስበታል» ተባለ እንጂ «በጀልባ ብቻ» አልተባለም። «ብቻ» ቢኖርበት ኖሮ ኡራ ሲገባ ሁለተኛው መንደርደሪያ ሐሰት ይሆንብንና ሌላ ምሳሌ እንፈልግ ነበር። ጥሩ ዓይን አለህ።

ዓሣ ሻጭ፦ ሌላ ከተፈለገ እኔ ጋ ሞልቷል። አምባዛ ሁሉ ዓሣ ነው። ቆሮሶ ዓሣ ነው። ስለዚህ ቆሮሶ አምባዛ ነው። በዚህ ሙግት ብሸጥ ደንበኛ የሚተርፈኝ ይመስላችኋል?

ጠያቂ፦ ሳቅሁ፤ ሁለቱንም ጻፍኳቸው። ለቀጣዩ ጥያቄ ግን ማታውን ሁሉ ፈልጌ አፍራሽ ምሳሌ አጣሁ። ይጸናል ብዬ ልለፈው?

የሒሳብ አስተማሪ፦ አንቺ ማጣትሽ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ምናልባት ደክሞሽ ይሆናል። እስቲ ሙግቱን አምጪው።

ጠያቂ፦ «ቆሮሶ ሁሉ ዓሣ ነው። ዓሣ ሁሉ በውሃ ውስጥ ይኖራል። ስለዚህ ቆሮሶ ሁሉ በውሃ ውስጥ ይኖራል።»

የሒሳብ አስተማሪ፦ ይህስ ይጸናል። ሦስት ክብ ሥዪ፤ ቆሮሶን በዓሣው ክብ ውስጥ፣ ዓሣውን በውሃ ኗሪዎቹ ክብ ውስጥ። ከዚያ ቆሮሶውን ከትልቁ ክብ ለማውጣት ሞክሪ፤ መውጫ ታጪለታለሽ። ለመምህርሽ ሥዕሉን ስጪ።