ክርክር፦ «ይኼ አያምርብሽም» ማለት የፀጉር ሠሪ ሥራ ነው?

አስተባባሪ፦
የዚህ ሳምንት ጥያቄ ከጅማ ፀጉር ቤቶች የመጣ ነው። ደንበኛ መጥታ «ሪላክሰር (ፀጉር የሚያስተኛ ኬሚካል) ቀቢኝ»፣ «ድሬድ ጀምርልኝ» ወይም «የሚያቀላ ቅባት ስጡኝ» ስትል ባለሙያው አስተያየት መስጠት አለበት ወይስ ዝም ብሎ መሥራት? ሥራውን የምታውቁ በዝርዝር ጻፉ። ስድብ ይሰረዛል።

ፀጉር ሠሪ፣ ፈረንጅ አራዳ፦
ስለ መልኳ አንድም ቃል አልናገርም። «በተፈጥሮሽ ታምሪያለሽ» ማለትም ያልተጠየቀ ፍርድ ነው። የምጠይቀው ሌላ ነው፦ መጨረሻ የተቀባሽው መቼ ነው? ቀለም ወይም ብሊች ነክቶታል? በእነዚህ ሁለት ቀናት ታጥበሽዋል፣ አክከሽዋል፣ ሹሩባ ፈትተሻል? አንዱ «አዎ» ከሆነ ቀጠሮ ይቀየራል። ሪላክሰር ፒኤቹ (የአሲድና የአልካሊ መለኪያው) ከ12 እስከ 14 የሆነ ኃይለኛ አልካሊ ስለሆነ የተቧጠጠ ቆዳ ካገኘ ያቆስላል።

ስሠራ ግንባሯን፣ ጆሮዋንና ማጅራቷን ቫዝሊን እቀባለሁ፤ ጓንት አደርጋለሁ፤ ሥሩን ብቻ እነካለሁ። ከዚህ በፊት የተቀባው ላይ ከደረብኩ አዲሱና አሮጌው በሚገናኙበት ቦታ ይበጠሳል። ስለዚህ ከ8 ሳምንት በፊት አልደግምም። «አቃጠለኝ» ካለች ሰዓቱ ባይሞላም ወዲያው አጥባለሁ። ከዚያ የሪላክሰሩን ኃይል የሚያመክን ሻምፖ፣ አረፋው ከሮዝ ወደ ነጭ እስኪለወጥ ድረስ። አንድ ነገር ደግሞ የኛ ከተማ ሰው ይረሳዋል፦ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ለማጠቢያ ሁለት ጀሪካን ሞልቶ ሳይቀመጥ የሪላክሰሩ ቆርቆሮ አይከፈትም።

ጡረተኛ መምህር፦
ልጄ፣ ጥሩ ተናግረሻል። ግን «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ያሉት አባቶች መጀመሪያ ምክሩን አስቀድመዋል። ዝም ማለት ማክበር ነው ያለው ማን ነው? ዛሬ ጎረቤት እንኳ የጎረቤቱን ልጅ መገሠጽ ፈርቷል።

ድሬድ ሠሪ፦
ጋሼ፣ ከአክብሮት ጋር፣ ድሬድ ያደረገ ወጣት ከአዌቱ ድልድይ ሄርማታ እስኪደርስ የሚሰማው ግን ምክር አይደለም። «አይታጠብም» ይሉታል። ይታጠባል። በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ፣ ቅባት በማይተው ሻምፖ። ችግሩ ማጠቡ ሳይሆን ማድረቁ ነው። ጅማ ክረምቱ ረጅም፣ አየሩ እርጥብ ነው፤ ማታ ታጥቦ ሳይደርቅ ከተኛበት ውስጡ ይሻግታል፣ ያ ሽታ ደግሞ በሻምፖ አይለቅም። ጠዋት ታጥቦ በፎጣ ጨምቆ በፎን ይጨርስ። ሥሩን ማጥበቅም ከ4 እስከ 6 ሳምንት አንዴ ይበቃል፤ በየሳምንቱ የሚያስጠቀልል ሰው ግንባሩ ላይ ይሳሳል። እናንተ ግን ይኼን አትነግሩትም፤ «ሥራ አይሰጡህም» ነው የምትሉት።

የሆቴል አስተዳደር ሠራተኛ፦
ሥራ አይሰጡህም የሚለው እውነት ያለበት ስለሆነ ነው የሚባለው። የእንግዳ መቀበያ ሠራተኛ «ንጹሕና የተያዘ ፀጉር» ይኑራት ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ወጥ ቤት ደግሞ መረብ ወይም ቆብ ግዴታ ነው፤ ለሉጫውም ለከርዳዳውም። «ፒያስትራ (በጋለ ብረት የተተኮሰ ፀጉር) ተሠርተሽ ነይ» ማለት ግን ከንጽሕና ጋር አይገናኝም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 25 ላይ እኩልነትን ሲዘረዝር ፀጉር የሚል ቃል የለውም፣ በቀለምና «በሌላ አቋም» ማዳላትን ግን ይከለክላል። ካሊፎርኒያ በ2019 በፀጉር ዓይነት ማዳላትን በስሙ ጠርታ በሕግ ከልክላለች፤ እኛ ጋ እንዲህ በስሙ የተጻፈ የለም። ስለዚህ የመሥሪያ ቤት ደንብ የሚያረቅ ሰው «ንጹሕ፣ ከፊት የተያዘ» ብሎ ይጻፍና ያቁም። ስለ ቅርጹ አይግባ።

ፀጉር ሠሪ፣ ፈረንጅ አራዳ፦
ፒያስትራ ካነሳህ አይቀር፦ ሐምሌ ላይ በየቀኑ ተሠርተሽ ነይ ማለት ፀጉሯን አቃጥይ ማለት ነው። ሙቀት ለጊዜው ብቻ ነው የሚያስተኛው፤ እርጥበት ሲነካው ይመለሳል። ሲመለስባት ደግማ ትተኩሰዋለች። እርጥብ እያለ ከተተኮሰ ውስጡ ያለው ውኃ ፈልቶ አረፋ ይሠራል፣ ከዚያ ይሰባበራል። በደንብ ደርቆ፣ ከ180 ዲግሪ ሳይበልጥ፣ አንድ ዘለላ ላይ አንዴ ብቻ።

የቆዳ ክሊኒክ ነርስ፦
ስለ ፀጉሩ እስማማለሁ። የሚያቀላ ቅባት ላይ ግን ዝም በል የሚለኝን አልሰማም። ለማቅላት የሚቀባው ክሎቤታዞል 0.05 በመቶ ኃይለኛ ስቴሮይድ፣ ማለትም የቆዳ ሕመም መድኃኒት ነው፤ በሐኪም ትእዛዝ እንኳ በተከታታይ ከሁለት ሳምንት አይበልጥም። ፊት ላይ ለወራት ሲቀባ ቆዳው ይሳሳል፣ ደም ሥር ይታያል፣ ብጉር ይፈላል። በድንገት ሲቆም ፊቱ ደም ይመስላል፣ ያቃጥላል፤ ደንበኛዋ ያኔ «ቅባቱን ስለተውኩ ነው» ብላ ትመለስበታለች። ሃይድሮኪኖን የሚባለው ሌላው ማቅያ ለረጅም ጊዜ ሲቀባ ደግሞ ጉንጭ ላይ ሰማያዊ ጥቁረት ያመጣል፣ እሱን ማስለቀቅ በጣም ከባድ ነው። ሜርኩሪ ያለበት ኩላሊት ይጎዳል። «ካሎሜል» ወይም «ሜርኩሪክ» የሚል ከተጻፈበት፣ ወይም ምን እንዳለበት ጭራሽ ካልተጻፈበት፣ አይገዛ።

የኮስሞቲክስ ነጋዴ፣ ሄርማታ፦
እህቴ፣ ቅባት የምትገዛዋን ስትመክሪ ድምፅሽ ይለወጣል፤ ሪላክሰር የምትገዛዋን ግን ማንም አይቆጣም። ሁለቱም ኬሚካል፣ ሁለቱም «እንዲያምርብኝ» ነው። ልዩነቱ የናንተ ንቀት ነው። መቅላት የፈለገችዋን «ራሷን የጠላች» ትሏታላችሁ።

የቆዳ ክሊኒክ ነርስ፦
ግማሹን ተቀብያለሁ። «ራስሽን ጠልተሽ ነው» ማለት ሕክምና አይደለም፤ የተሰደበች ሴት ቅባቱን ደብቃ ትቀባለች እንጂ አትተውም፣ ክሊኒክ ስትመጣም ምን እንደተቀባች አትናገርም። ያኔ ስቴሮይዱን ቀስ በቀስ መቀነስ ሲገባን በድንገት እናስቆማታለን። ስለዚህ ንቀቱ ይቅር። ግን አንተ ቱቦውን ያለ ማዘዣ ስትሸጥ «ምርጫዋ ነው» ማለት አትችልም። ውስጡ ያለውን ሳታውቅ የመረጠችው ምርጫ አይባልም።

ሂጃብ ለባሽ፣ ጅሬን፦
እኛን ደግሞ ሁሉም ይመክረናል፦ ግማሹ «አውልቂው»፣ ግማሹ «አጥብቂው»። የሚጠቅመንን የሚነግረን ግን ጥቂት ነው። ፀጉር ሳይደርቅ አይሸፈን፣ ቆዳው ያሳክካል፣ ፎረፎር ይበዛል። ቋጠሮው በየቀኑ አንድ ቦታ ላይ ጠብቆ ከታሰረ ጠርዙ ይነቀላል፤ ላላ አድርጎ ቦታውን መቀያየር። ለሠርግ «ጥቁር ሂና» የምትቀቡም ተጠንቀቁ፦ እውነተኛ ሂና ቡናማ ወይም ቀላ ያለ ነው፣ ለመያዝ ሰዓታት ይፈልጋል። በግማሽ ሰዓት ድቅድቅ ካለ የፀጉር ቀለም ተቀላቅሎበታል፤ ሊያቆስል ይችላል፣ አለርጂውም ዕድሜ ልክ ይቆያል። «ጥቁር ካልሆነ አይሆንልኝም» ካለች እጇ የራሷ ነው፣ ግን ውስጡ ያለውን ይንገሯት።

ጡረተኛ መምህር፦
እንግዲህ ከሁላችሁ የገባኝ፣ ስለ ጉዳቱ አንዴ ተናገር፣ ስለ ቁንጅናው ዝም በል ነው። ይሁን። ታዲያ እናት የ7 ዓመት ልጇን ይዛ «ሪላክሰር ቀቢልኝ» ብትልስ? ያኔም ዝም ነው?

ፀጉር ሠሪ፣ ፈረንጅ አራዳ፦
አልሠራም ጋሼ። የልጆች ተብሎ በሮዝ ካርቶን የሚሸጠውም አልካሊ ነው። ልጅ አትረጋጋም፣ ዓይኗ ውስጥ ሊገባ ይችላል፣ ሲያቃጥላትም እናቷን ፈርታ ዝም ልትል ትችላለች።

ድሬድ ሠሪ፦
ታዲያ እናትየዋ ላይ ፈረድሽ።

ፀጉር ሠሪ፣ ፈረንጅ አራዳ፦
ፈረድኩ። ምርጫ ምርጫ ስንል የዋልነው ስለ ባለቤቷ ነው፤ ልጅቷን ግን ማንም አልጠየቃትም። ለእናትየው የምሰጣት ሌላ ሥራ ነው፦ «ማበጠር አታስችለኝም» ካለች በኮንዲሽነር አርሳ፣ ሰፋ ባለ ማበጠሪያ፣ ከጫፍ ጀምራ ወደ ሥር ትፍታው። ከዚያ ዊግ ያልገባበት ላላ ያለ ሹሩባ፣ በሁለት ሳምንት የሚፈታ። ግንባሯ ላይ ነጫጭ ብጉር ካወጣ ወይም ማታ ካመማት ጠብቋል፣ ያኑ ማታ ይፈታ።