ለጨጓራ ሊምፎማ ፀረ ባክቴሪያ ብቻ መታዘዙ ትክክል ነው?

ጠያቂ፦
እናቴን ጨጓራ ሲያሠቃያት ዓመታት አልፈዋል፤ ጠዋት ተልባ እየጠጣች፣ ሲብስባትም የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል እየዋጠች ስትታገሠው ቆይታለች። ክብደቷ በመቀነሱ ባለፈው ወር ኢንዶስኮፒ ተደረገላት፤ የናሙናው ውጤትም «ማልት ሊምፎማ፣ ኤች ፓይሎሪ ተገኝቷል» ይላል፤ የመጀመሪያው የሊምፍ ሕዋሳት ካንሰር፣ ሁለተኛው ጨጓራ ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ ነው አሉን። በሽታው ከጨጓራዋ አልፎ እንዳልሄደ ከተረጋገጠ በኋላ ሐኪሟ ለ14 ቀን አሞክሲሲሊን፣ ክላሪትሮማይሲንና ኦሜፕራዞል ብቻ አዘዙላት። ቤተሰቡ «ካንሰር ከተባለ እንዴት የጨጓራ መድኃኒት ብቻ ይሰጣታል?» እያለ ተጨንቋል። ኬሞ ሳይጀመርላት ጊዜው እያለፈባት ይሆን?

የውስጥ ደዌ ሐኪም፦
ጭንቀታችሁ ይገባኛል፤ ነገር ግን የታዘዘላት ራሱ ለዚህ ዓይነቱ ካንሰር የሚሰጠው የመጀመሪያ ሕክምና ነው። ጤነኛ ጨጓራ እንደ አንጀት የራሱ የሊምፍ ሕዋሳት ክምችት የለውም፤ እነዚህ ሕዋሳት ወደዚያ የሚጎርፉት ባክቴሪያው ለዓመታት ሲቀመጥበት ሊዋጉት ነው። ቢ የሚባሉት ሕዋሳት ያለ ዕረፍት እየተቀሰቀሱ ሲባዙ ከመካከላቸው የአንዱ ዘረመል ይዛባና የእሱ ዘር ብቻ እየበዛ ይሄዳል፤ ሊምፎማው ይህ ነው። ሆኖም በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ሳለ ለመባዛት አሁንም የባክቴሪያውን ቅስቀሳ ስለሚፈልግ፣ ባክቴሪያው ሲጠፋ አብዛኛውን ጊዜ ዕጢውም ይከስማል። እ.ኤ.አ. በ1991 ተመራማሪዎቹ ዎዘርስፑን፣ አይዛክሰንና ባልደረቦቻቸው ካጠኗቸው 110 የዚህ ሊምፎማ ሕሙማን በ92 በመቶው ላይ ባክቴሪያውን አገኙ፤ በ1993 ደግሞ ፀረ ባክቴሪያ ከሰጧቸው 6 ሕሙማን የ5ቱ ሊምፎማ ጠፋ። ዛሬም በጨጓራ ብቻ ተወስኖ ከተገኘባቸው ሕሙማን ከአራቱ ሦስቱ ያህል በዚሁ ሕክምና ይሻላቸዋል። በቀሩት ላይ፣ በተለይም በሊምፎማው ሕዋሳት ውስጥ በ11ኛውና በ18ኛው ክሮሞዞም መካከል የቁራጭ ልውውጥ ሲኖር፣ ፀረ ባክቴሪያው ብዙ ጊዜ ብቻውን አይበቃም፤ ያን ጊዜ መጠኑ አነስ ያለ የጨረር ሕክምና ይታሰባል። ባክቴሪያው ካለባቸው ሰዎች ሊምፎማ የሚይዛቸው እጅግ ጥቂቶች ስለሆኑ ሌላው የጨጓራ ታማሚ በዚህ እንዳይደናገጥ አደራ።

በዚሁ ሕመም ያለፈ፦
እኔም ይህንኑ መድኃኒት ወስጃለሁ። ክላሪትሮማይሲኑ አፌን መራራ መራራ፣ ብረት ብረት ሲለኝ በ6ኛው ቀን ላቋርጠው ተነሥቼ ነበር፤ ባለቤቴ ባትቆጣኝ ኖሮ አቋርጬው ነበር። የጎዳኝ ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ኦሜፕራዞል ሳላቆም የሰገራ ምርመራ ተደርጎልኝ «ነጻ ነህ» ተባልሁ፤ ከወራት በኋላ ግን ናሙና ሲወሰድ ባክቴሪያው እዚያው ተገኘ። በሌሎች መድኃኒቶች እንደገና ታክሜ ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላም ሊምፎማው ወዲያው አልጠፋም፤ ናሙናው ንጹሕ የሆነው ከ11 ወር በኋላ ነው። እባክዎ ምርመራው በትክክል መደረጉን ይከታተሉ።

የውስጥ ደዌ ሐኪም፦
ወንድማችን ያነሡት ነገር ዋና ነው። መጥፋቱን የሚያረጋግጠው የትንፋሽ ወይም የሰገራ አንቲጂን ምርመራ ፀረ ባክቴሪያው ካለቀ ቢያንስ ከ4 ሳምንት በኋላ ይደረግ፤ ኦሜፕራዞሉም ከምርመራው 2 ሳምንት ቀድሞ ይቁም። የደም ምርመራ ለዚህ አያገለግልም፤ ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላም ፀረ አካሉ በደም ውስጥ ለረጅም ጊዜ ይቆያል። የኢንዶስኮፒ ቀጠሮዋንም ተሻለኝ ብላ እንዳትተወው።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ 9ኛ ቀኗ ነው፤ እሷም አፌን መረረኝ ትላለች። ኦሜፕራዞሉን የምታቆምበትን ቀን ከሐኪሟ ጠይቀን በመድኃኒቱ ካርቶን ላይ እንጽፈዋለን።