ፍላይ ፊሺንግ ለመጀመር ክለብ መግባት ይጠቅማል ወይስ በራሴ ልማር?

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ግዛት ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ጡረታ ሲወጣ የፍላይ ፊሺንግ ዘንጉን ከነሪሉ፣ ከነክር መጠቅለያው፣ ሰጥቶኝ ሄደ። ፍላይ የሚሉት ከላባ የተሠራ፣ ነፍሳት የሚመስል መንጠቆ ነው። 9 ጫማ ርዝመት አለው፣ ቁጥር 5 የሚል ተጽፎበታል። ልጅ ሆኜ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር በመንጠቆና በክር ዓሣ አጥምጃለሁ፤ ይኼኛው ግን ሌላ ነገር ነው። ዩቲዩብ እያየሁ ከአፓርታማችን ጀርባ ያለው ሜዳ ላይ ሞከርኩት። ክሩ ወይ ጀርባዬ ላይ ይከመራል ወይ እግሬ ሥር ይወድቃል።

በአካባቢያችን በየወሩ የሚሰበሰብ ክለብ አለ ብለውኛል። ባለቤቴ «ዓሣ ለማጥመድ ደግሞ ስብሰባ ምን ያደርጋል?» ትላለች። መዋጮ አለው፣ ቅዳሜዬን ይወስዳል፣ አባላቱም አብዛኞቹ በዕድሜ የገፉ ፈረንጆች ናቸው። የያዙትን ዓሣ መልሰው ይለቁታል አሉ፤ እሱም አልገባኝም። ከእናንተ መካከል ክለብ የገባ አለ? ምን አገኛችሁበት?

የዲንሾ ልጅ፦

ወንድሜ፣ ሳታመነታ ግባ። እኔ ባልቲሞር ነው ያለሁት፤ ክለብ ከገባሁ ዓመታት አልፈዋል።

መጀመሪያ ክሩ ለምን እንደሚከመርብህ ልንገርህ። በተለመደው ማጥመጃ የምትወረውረው ጫፉ ላይ ያለውን ከባድ የእርሳስ ብረት ነው። ፍላይ ላይ ግን መንጠቆው ላይ የታሰረው ላባ ክብደት የለውም፤ የምትወረውረው ወፍራሙን ክር ራሱን ነው። ስለዚህ ወደ ኋላ ስትሰነዝር ክሩ ከኋላህ ተዘርግቶ እስኪያልቅ መጠበቅ አለብህ። ያኔ ዘንጉ ይጎብጥና ወደ ፊት ያስፈነጥረዋል። ጀማሪ ሁሉ ይቸኩላል፣ የእጁን አንጓም ያጥፋል። ቪዲዮው ይህንኑ ይነግርሃል፤ እጅህን ግን አያይልህም።

እኛ ክለብ ውስጥ አንድ ሽማግሌ አሉ። ሣር ላይ አቆሙኝና በመንጠቆው ፋንታ ቀይ የሱፍ ክር አሰሩልኝ። ከዚያ የዘንጉን እጀታ የታችኛውን ጫፍ የሸሚዜ እጅጌ ውስጥ ሸጎጡት። አንጓዬን ላጥፍ ስል እጅጌዬ ይይዘኛል። ከጎኔ ቆመው «ጠብቅ፣ ጠብቅ፣ አሁን!» ይሉኛል። ክሩ ከፊቴ ቀጥ ብሎ ሲዘረጋ የተሰማኝን ደስታ እስከዛሬ አልረሳውም። ለዚህ ሁሉ አምስት ሳንቲም አልተቀበሉኝም። ሰዎቹ ሸምግለዋል ብለህ አትሽሽ፤ ወንዙን የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

በብርዱ ወራት ደግሞ ማታ ማታ እየተሰበሰብን ፍላይ እንሠራለን። ዕቃ መግዛት የለብህም፣ ያውሱሃል። ጠረጴዛ ላይ የምትታሰር ትንሽ ሞርሳ መንጠቆውን ትይዝልሃለች። ለጭራው ለስላሳ ጥቁር ላባ ታስራለህ፣ ገላውን ትሞላለህ፣ ከላይ የአውራ ዶሮ የአንገት ላባ ትጠመጥምበታለህ። ውሃ ሲገባ ላባው ይርገበገባል፤ ዓሣው ነፍስ ያለው ነገር ይመስለዋል። በራስህ እጅ በሠራኸው ፍላይ ዓሣ ስትይዝ ታየዋለህ!

ከሁሉ በላይ ግን የምነግርህ ስለ ወንዙ ነው። ከአንተ ቤት በመኪና አንድ ሰዓት ያህል ሄደህ ጋንፓውደር የሚባል ወንዝ አለ። ላዩ ላይ በ1930ዎቹ የተሠራው ፕሪቲቦይ ግድብ አለ፤ የባልቲሞር ከተማ የመጠጥ ውሃ ማጠራቀሚያ ነው። በፊት ከግድቡ የሚለቀቀው ውሃ ለዓሣ ታስቦ አልነበረም። ትራውት ደግሞ ቀዝቃዛና ንጹሕ ውሃ የሚፈልግ ዓሣ ነው፤ ውሃው ከ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ካለፈ ይጨነቃል። ትራውት አንሊሚትድ የሚባለው ማኅበር አባላት ከከተማውና ከሜሪላንድ ግዛት ጋር ተነጋግረው፣ እንደ ፈረንጆች በ1986 ቀዝቃዛ ውሃ ሳይቋረጥ እንዲለቀቅ ስምምነት ተደረሰ። ዛሬ እዚያ ያለው ቡናማ ትራውት ወንዙ ውስጥ ራሱ እየተራባ የሚኖር ነው። ማኅበሩ በ1959 ሚሺጋን ውስጥ፣ ኦሰብል ወንዝ ዳር ነው የተመሠረተው። አጥማጆች ናቸው የጀመሩት። እነዚያ ሰዎች ስብሰባ ባይቀመጡ ኖሮ አንተና እኔ ዛሬ ዘንግ ይዘን የምንሄድበት ውሃ አይኖርም ነበር። ባለቤትህ ስብሰባው ምን ያደርጋል ስትልህ ይህን ንገራት።

መልቀቁም ከዚህ ጋር ይያያዛል። ከግድቡ በታች ያለው የወንዙ ክፍል ሕጉ ራሱ ይዘህ ልቀቅ ነው የሚለው። ከባልቲሞርና ከዋሽንግተን የሚመጣው ሰው ሁሉ ሁለት ሁለት ዓሣ ይዞ ቢሄድ ወንዙ በአንድ ጸደይ ባዶ ይቀራል። አለቃቀቁንም ክለብ ውስጥ ትማራለህ። የመንጠቆውን እሾህ፣ ጫፉ አጠገብ ወደ ኋላ የዞረችውን፣ በፒንሳ ትደፍጥጠዋለህ፣ በቀላሉ እንዲወጣ። ዓሣውን ከመንካትህ በፊት እጅህን ታረጥባለህ፤ ደረቅ እጅ ቆዳው ላይ ያለውን ከበሽታ የሚከላከልለትን ልጋግ ያነሳበታል። ከውሃ ሳታወጣው መንጠቆውን ትነቅልለታለህ። ለመብላት ከሆነ ምኞትህ፣ ግዛቱ በጸደይ ያረባውን ትራውት የሚለቅባቸው ሌሎች ወንዞችና ኩሬዎች አሉ፤ ከዚያ በተፈቀደው መጠን ወስደህ ጠብሰህ ብላ።

እኔ ዲንሾ ነው ያደግሁት። ባሌ ተራሮች ላይ ዌብና ዳንካ ወንዝ ውስጥ ትራውት አለ፤ ከኬንያ መጥቶ የተለቀቀ ነው። በልጅነታችን እንግዶች በቀጭን ዘንግ ሲያጠምዱ ዳር ቆመን እናይ ነበር። እዚህ መጥቼ ያንኑ ዓሣ ሳገኘው አገሬን ያገኘሁ ያህል ነው ደስ ያለኝ።

ነርሷ ከአሌክሳንድሪያ (ቨርጂኒያ)፦

የዲንሾ ልጅ ያለው ሁሉ ልክ ነው። እኔ ለሴቶቹ ልጨምር፤ ጠያቂው ባለቤቱንም ይዟት ቢመጣ ጥሩ ነው።

ወንዝ ዳር ብቻዬን መሄድ አልወድም። ስልክ የማይሠራበት ቦታ ብዙ ነው፣ ድንጋዩም ያዳልጣል። ከክለብ ጋር ስሄድ ግን ሁልጊዜ የሚያየኝ ሰው አለ። ውሃ የማያስገባውን ረጅም ሱሪ፣ ዌደር የሚሉትን፣ ወገብ ላይ በቀበቶ ጠበቅ አድርጎ ማሰር እንደሚያስፈልግ ያስተማሩኝ እነሱ ናቸው። ብትወድቅ ውሃው ቶሎ ገብቶ እንዳይሞላው ነው።

ሥራዬም ስለሆነ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ካስቲንግ ፎር ሪከቨሪ የሚባል ድርጅት ከ1996 ጀምሮ የጡት ካንሰር የገጠማቸውን ሴቶች ፍላይ ፊሺንግ በነጻ ያስተምራል። ዘንግ ስትሰነዝሪ ክንድና ትከሻ ቀስ ብሎ ይፍታታል፤ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ሐኪም ከሚያዘው እንቅስቃሴ ጋር ይመሳሰላል። ከሁሉም ይበልጥ ግን በሽታውን የሚያውቁ ሴቶች አንድ ላይ ወንዝ ዳር ይውላሉ። በእኛ ማኅበረሰብ ይህን በሽታ ደብቀው የሚይዙ እህቶች ስላሉ ነው የማነሳው። የምታውቁት ሰው ካለ ንገሩልኝ።

ሌላው፣ በኤፕሪል ሻድ የሚባለው ዓሣ ከባሕር ወደ ፖቶማክ ወንዝ ይወጣል። ዋሽንግተን ከተማ ውስጥ ፍሌቸርስ ኮቭ የሚባለው ቦታ ላይ ይያዛል። እሱም መለቀቅ አለበት። ለጀማሪ ግን እንደሱ ደስ የሚል ነገር የለም፤ ሲመጣ በብዛት ነው የሚመጣው።

አናንዴል፦

ክለብ ሁሉ አንድ አይደለም፣ ገንዘብ ከመክፈልህ በፊት እይ። እኔ መጀመሪያ የገባሁበት (ስሙ ይቅር) ንግግርና የሎተሪ ዕጣ ብቻ ነበር፤ ወንዝ ላይ ማንም አልወሰደኝም። የግል ወንዝ የያዙ በጣም ውድ ክለቦችም አሉ፤ እነሱ ለአንተ አይሆኑም። አንድ ቀን በእንግድነት ሄደህ ተቀመጥ። ጀማሪ ማን ያስተምራል? ዘንግና ዌደር ታውሳላችሁ ወይ? ወንዝ የምታጸዱበት ቀን አላችሁ? ብለህ ጠይቅ። ፊታቸው በርቶ ከመለሱልህ ግባ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለባለቤቴ የጋንፓውደርን ነገር አነበብኩላት፤ «እንግዲያውስ ሂድ፣ እኔም እመጣለሁ» አለች። አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ባልደረባዬ ከዘንጉ ጋር የሰጠኝ ቦት ጫማ ሶሉ እንደ ወፍራም ብርድ ልብስ ያለ ነው። ይህን አድርጌ ልግባ?

የዲንሾ ልጅ፦

እሱን እንዳታደርገው! ፌልት ነው የሚባለው፤ ሜሪላንድ ውስጥ ከ2011 ጀምሮ የተከለከለ ነው። ውሃ ይዞ ስለሚቆይ ዲዲሞ የሚባል አልጌ (የወንዝ ድንጋይ ላይ የሚበቅል ዝልግልግ ነገር) ከወንዝ ወደ ወንዝ ያዛምታል። አልጌው በ2008 ጋንፓውደር ላይ ተገኝቷል። የጎማ ሶል ያለው ያስፈልግሃል፤ ከወንዙ ስትወጣም ጫማህን አጥበህ ነው የምትሄደው። የማጥመጃ ፈቃዱን ኢንተርኔት ላይ አውጣ፣ ስታወጣ የትራውት ማኅተም (ስታምፕ) የሚለውን፣ ትራውት ለማጥመድ የሚያስፈልገውን ተጨማሪ ፈቃድም ጨምርበት። ዕድሜው 16 ዓመት ለሞላ ሁሉ ግዴታ ነው፣ ለባለቤትህም አውጣላት።

የሁለታችሁን የጫማ ቁጥር በውስጥ መስመር ላክልኝ፤ ክለቡ የሚያውሰው አለ። ሜይ አጋማሽ ላይ ኑ፤ ሰልፈር የሚሏት ትንሽ ቢጫ ነፍሳት ማምሻውን ከውሃው የምትወጣበት ጊዜ ስለሆነ ዓሣው ላይ ላዩን ይበላል።