ደሞዝ ጨምሬም ሠራተኞቼ ይለቁብኛል፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ የፔንሲዮን ባለቤት
ሐዋሳ ውስጥ አነስተኛ ፔንሲዮንና ምግብ ቤት አለኝ። አስተናጋጆቹና የሪሴፕሽን ልጆች ሥራውን በደንብ ሲለምዱ ይለቃሉ። ደሞዝ ጨመርኩ፣ ብዙም አልያዛቸውም። በቅርቡ የለቀቀች ጎበዝ ልጅ «ክፍል ለመቀየር እንኳ ላንቺ መደወል አለብኝ፤ እንግዳው ፊት አፈርኩ» አለችኝ። ቅናሹም፣ የተመለሰ ምግብም የሚያልፈው በእኔ በኩል ነው። ሥልጣን ልስጣቸው ስል ኪሳራው ያስፈራኛል። የሞከራችሁ እንዴት አደረጋችሁት?

መልስ፦ የሆቴል ሥራ አስኪያጅ
እህቴ፣ ልጅቷ ትልቅ ነገር ነግራሻለች። የሚያስፈራሽ ኪሳራ ከሆነ የብር ጣሪያ አስቀምጪ። ሪትዝ ካርልተን ሆቴሎች ሠራተኛው አለቃ ሳያስፈቅድ ለአንድ እንግዳ እስከ 2,000 ዶላር እንዲያወጣ በመፍቀድ ይታወቃሉ። ላንቺ ቤት ጥቂት መቶ ብር ይበቃል። የተመለሰ ምግብ ወዲያው ይቀየር። ባዶ ክፍል ካለ ሪሴፕሽኗ ራሷ ትቀይር። ከጣሪያው ሲያልፍ ብቻ ይደወልልሽ።

ያደረጉትን በደብተር ይጻፉ፦ ምን ሆነ፣ ስንት ወጣ፣ ለምን። በየሳምንቱ አብራችሁ እዩት። አንድ ምግብ ደጋግሞ ከተመለሰ ችግሩ ኩሽና ነው። ያንን ቀድሞ የሚያውቀው አስተናጋጁ ነው፤ የሚሰማው ሲያገኝ ይነግርሻል።

መልስ፦ አስተናጋጅ የነበረ
ከሠራተኛው ወገን ልናገር። «አንተው ወስን» ተብዬ የወሰንኩት ከደሞዜ የተቆረጠበት ቤት ሠርቻለሁ። ከዚያ ወዲያ ማናችንም ምንም አልወሰንንም፤ ብዙዎቻችን ለቀቅን። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም ቢሆን ደሞዝ እንደፈለጉ አይቆረጥም፤ በሕጋዊ መንገድ ሲቆረጥም ከወር ደሞዙ ሲሶ አያልፍም። ስለዚህ በጣሪያው ውስጥ የተወሰነው ሁሉ የቤቱ ወጪ መሆኑን በጽሑፍ ስጪያቸው። እባክሽ እንግዳ ፊት ውሳኔያቸውን አትሻሪ። ቅሬታ ካለሽ በኋላ ለብቻ ይሁን።

መልስ፦ የሒሳብ ባለሙያ
በዚህ እስማማለሁ፣ ግን ሥልጣን ደሞዝ አይተካም። ኃላፊነት ጨምረሽ ክፍያው እዚያው ከቀረ «ሥራ ተጫነብኝ» ነው የሚሉት። ሰርቪስ ቻርጅ የምትሰበስቢ ከሆነ ስንት እንደገባና እንዴት እንደተከፋፈለ በየወሩ አሳያቸው። ፈረቃውንም ራሳቸው ያውጡት። የማታ ትምህርት ያለባቸው ልጆች በፈረቃ ምክንያት ብቻ ሲለቁ አይቻለሁ።

ጠያቂዋ
እግዜር ይስጥልኝ። ጣሪያውንና ደብተሩን በዚህ ወር እጀምራለሁ። ፈረቃው ላይ ግን ሁሉም እሑድ ማረፍ ቢፈልጉስ? ገበያዬ ያለው እሑድ ነው።

የሒሳብ ባለሙያ
ስንት ሰው መግባት እንዳለበት አንቺ ወስኚ፤ ማን እንደሚገባ እነሱ ይስማሙ። እሑድ የሠራ ለሚቀጥለው ሳምንት እረፍቱን ቀድሞ ይምረጥ። እስከ ዓርብ ማታ ካልተስማሙ ያን ሳምንት አንቺ ታወጪዋለሽ። ይህን ከመጀመሪያው ንገሪያቸው።