ካርትሪጅ የሚቀየርለት የኢንሱሊን ፔን፦ ወንድሜ የቱን ይዞ ይምጣ? (ጥቆማ)

ማሂ የእማዬ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እማዬ 64 ዓመቷ ነው። ሚክስታርድ 30 የሚባለውን ኢንሱሊን፣ ጠዋት 22 ማታ 12 ዩኒት ትወጋለች፤ እስካሁን ከብልቃጥ በሲሪንጅ ነው። ዓይኗ ደከመ። ባለፈው ሳምንት መስኮት ሥር ቆማ ሲሪንጁን ወደ ብርሃኑ አጋድማ ስታይ ደረስኩባት፣ በ22 ፈንታ 32 ስባለች። ወንድሜ ለፋሲካ ከዱባይ ይመጣል፣ ፔን (እስክሪብቶ የሚመስለውን መወጊያ) ልያዝላት ብሏል። አልቆ የሚጣለውን ሳይሆን ውስጡ ያለው ካርትሪጅ (የኢንሱሊኑ ቱቦ) ብቻ የሚቀየረውን ነው የምፈልገው። ኖቮፔን 4፣ ኖቮፔን 5 ወይስ ሁማፔን? አዲስ አበባ ውስጥስ ካርትሪጁን ሳትቸገሩ የምታገኙት የየትኛውን ነው?

ገርጂ 12፦
ኖቮፔን 4። አለቀ። አባቴ 7 ዓመት ይዞታል፣ ሁለቴ ደረጃ ላይ ወድቆ ምንም አልሆነም።

ናሆም ቢ፦
4ቱና 5ቱ ሥራቸው አንድ ነው፣ ሁለቱም በአንድ መርፌ እስከ 60 ዩኒት ይሰጣሉ። 5ቱ የመጨረሻው መርፌ ስንት ዩኒት እንደነበርና ከስንት ሰዓት በፊት እንደተወጋ ያሳያል። "ወጋሁ ወይስ አልወጋሁም?" ለሚል ሰው ጥሩ ነው። ባትሪው ሲያልቅ ግን አይቀየርም።

ሳሪስ አቦ፦
የሚሞላ ከሆነ ካርትሪጅ መግዛቱ ለምን አስፈለገ? እኔ ባዶውን ካርትሪጅ ከብልቃጥ በሲሪንጅ እሞላዋለሁ። ካርትሪጅ መግዛት ካቆምኩ ሦስት ወር ሆነኝ።

ፋርማሲስቷ፦
ወንድሜ እባክህ አቁም። የሚቀየረው ካርትሪጁ ነው፣ ካርትሪጁ ራሱ አይሞላም። ባለቀ ቁጥር አዲስ ነው የሚገባው። ስትሞላው አየር ይገባል፣ አየር ካለ ደግሞ ፔኑ 20 ብሎህ 14 ሊሰጥህ ይችላል። ንጽሕናውማ አይነሳ።

ሳሪስ አቦ፦
እስካሁን ምንም አልሆንኩም።

ትግስት ዘ ጎፋ፦
ምንም አልሆንኩም አይባልም። የኔን ስሙ። አምና ኖቮፔን ይዤ ካርትሪጅ አለቀብኝ። ሰፈሬ ያለ ፋርማሲ ገባሁ፣ ስሙን አልጠራም። ልጁ "ሁሉም 3 ሚሊ ነው፣ ልዩነት የለውም" ብሎ የሌላ ኩባንያ ሰጠኝ። ቤት ስሞክረው የገባ መሰለኝ። ውስጡ ትንሽ ይንቀጫቀጫል፣ ግን ጠምዝዤ ዘጋሁት። ቁልፉን ስጫን ቁጥሩ ወደ 0 ይመለሳል፣ በቃ ተወጋሁ እላለሁ። ሁለት ቀን እንዲህ ሆነ። በሦስተኛው ቀን ሽንት ሽንት ሲለኝ አደረ፣ ጠዋት ስኳሬን ስለካ 438። ያኔ መርፌውን ወደ ላይ ቀስሬ 10 ዩኒት ተጫንኩ፣ ጠብ አላለም! ለካ ሁለት ቀን ሙሉ ቆዳዬን ነው የበሳሁት። ፓኬቱን ይዤ ተመለስኩ፣ "የወጣ መድኃኒት አይመለስም" አለኝ። ብሬም ቀረ።

ገርጂ 12፦
አይመለስም ነው የሚለው? ራሱ አሳስቶ ሰጥቶ?

እንዳለ የመርካቶው፦
ለዚህ ነው ሰው የሚያውቀው ቤት መግዛት ያለበት። እኔ 11 ዓመት ከአንድ ፋርማሲ ወጥቼ አላውቅም። ዶክተሯ ገና በር ላይ ሳለሁ ታውቀኛለች፣ የእናቴን ጤና ሳትጠይቅ መድኃኒት አትሰጠኝም።

ማሂ የእማዬ፦
እንዳለ፣ እነሱ ጋ ካርትሪጅ አለ?

እንዳለ የመርካቶው፦
ካርትሪጅ እንኳ አይዙም። ግን በጣም ጎበዞች ናቸው።

ናሆም ቢ፦
😂😂

ፋርማሲስቷ፦
የመመለሱን ነገር ልንገራችሁ። ኢንሱሊን ከወጣ በኋላ በምን ሙቀት እንደዋለ ስለማናውቅ መልሰን ለሌላ በሽተኛ አንሸጠውም። ያ ትክክል ነው። የትግስት ግን ሌላ ነው፣ ስህተቱ የሻጩ ስለሆነ መለወጥ ነበረበት።

ትግስት ዘ ጎፋ፦
ይኸው! እኔም ያልኩት ይህንን ነው። እሱ ግን "አንቺ ፔኑን ይዘሽ አልመጣሽም" አለኝ። ፔን ይዞ የሚዞር ማን ነው?

ገርጂ 12፦
እኔ ጫማ ስገዛም እግሬን ይዤ ነው የምሄደው 😁

ትግስት ዘ ጎፋ፦
በሰው ሕመም ቀልድ ደስ ይላል አይደል?

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
እዚህ አሜሪካ ብዙው ሰው የሚጠቀመው ተሞልቶ የሚመጣውን ነው፤ ፍሌክስፔን፣ ክዊክፔን፣ ሶሎስታር። አልቆ ይጣላል። ዋጋው ድሮ አንገብጋቢ ነበር። ከ2023 ወዲህ ሜዲኬር (የመንግሥት የጤና መድን) ያላቸው ሽማግሌዎች ለአንድ ዓይነት ኢንሱሊን በወር ከ35 ዶላር በላይ አይከፍሉም፣ አምራቹ ሊሊም በዚያው ዓመት በ35 ገድቤያለሁ ብሏል። ለአክስቴ ክዊክፔን ልኬላት "ካርትሪጁን ማውጣት አቃተኝ፣ በፒንሳ ልሞክር?" ብላ ደወለችልኝ። እሱ አይወጣም።

ናሆም ቢ፦
ጠያቂዋ እኮ አዲስ አበባ ነው ያለችው። የሜዲኬሩን ካርድ በዲኤችኤል ላክላት።

ፋርማሲስቷ፦
ማሂ እህቴ፣ ጥያቄሽ ተረሳ። እኔ ብሆን ከፔኑ አልጀምርም። ሰው ሁሉ ቆንጆ ፔን ከውጭ ያስመጣና በኋላ ካርትሪጅ ፍለጋ ከፋርማሲ ፋርማሲ ይንከራተታል። ነገ ሁለት ሦስት ፋርማሲ ደውይና "ሚክስታርድ 30 በካርትሪጅ አላችሁ? በየወሩ ይገባል? የማን ሥሪት ነው?" በዪ። "አለ" ካሉሽ የፓኬቱን ፎቶ ይላኩልሽ። ፔኑን የሚመርጥልሽ ያ ፓኬት ነው።

ኖቮፔን የሚወስደው የራሱን ኩባንያ፣ የኖቮ ኖርዲስክን፣ ፔንፊል የሚባል ካርትሪጅ ነው። ሁማፔን የሊሊን፣ ኦልስታር የሳኖፊን። ሦስቱም ላይ 3 ሚሊ፣ 300 ዩኒት የሚል ታገኛላችሁ። ያ የፈሳሹ ልክ እንጂ "ይገጥማል" ማለት አይደለም። ትግስትን የጎዳት ይኸው ነው። አብሮ የሚገጥመው ስም ፔኑ ውስጥ ባለው ወረቀት ላይ ተጽፏል፣ ከፓኬቱ ጋር ፊደል በፊደል አስተያዪው። ቀለም ብቻ አይታመን፣ ቡናማው የሌላውም ኩባንያ ተመሳሳይ ድብልቅ (30/70) ቀለም ነው።

ስንት ይበቃታል? በቀን 34 ዩኒት ነው። በየመርፌው ፊት 2 ዩኒት ወደ አየር ለሙከራ ይፈስሳል፣ ስለዚህ 38 በዪው። ድፍርስ ኢንሱሊን ስለሆነ ካርትሪጁ ውስጥ ከ12 ዩኒት በታች ሲቀር በደንብ አይቀላቀልም፣ አዲስ ይገባል። አንዱ ሰባት ቀን ተኩል ገደማ ይሄዳል። 5 ካርትሪጅ ያለው ፓኬት አምስት ሳምንት ቢሆናት ነው። ያው 1000 ዩኒት ያለው ብልቃጥ ወር ገደማ ይወስዳታል፣ ስለዚህ ወጪውን አስቢበት።

አወጋጉን እንኳ አንቺው አሳያት። ካርትሪጁን በመዳፏ መሐል 10 ጊዜ ታንከባለው፣ 10 ጊዜ ላይ ታች ታድርገው፣ ውስጡ ያለችው የብርጭቆ ኳስ ከጫፍ ጫፍ ስትሄድ ታያለች። 2 ዩኒት ትሞክር፣ ጠብታ ካልታየ አትውጋ። ተጭና እስከ 6 ቆጥራ ታውጣ፣ መርፌውንም ሁልጊዜ ታውልቀው። ዓይኗ ስለደከመ "ጠቅታውን እቆጥራለሁ" ትል ይሆናል፣ አትቀበያት፣ ቁጥሩ መታየት አለበት። ለመጀመሪያው ሳምንት ሰው አጠገቧ ይቁም። ዩኒቱ አይቀየርም፣ ብልቃጡም ካርትሪጁም በ1 ሚሊ 100 ነው። ብልቃጥና ሲሪንጅ ግን ለክፉ ቀን ቤት ይኑር።

ደጉ ከድሬ፦
ፍሪጅ ሳይኖራት አትጀምሪ። የኛ ሙቀት ሌላ ነው፣ እኔ ያልተከፈተውን ጎረቤት ፍሪጅ ነው የማስቀምጠው። በእጅ የያዝኩትን ደግሞ በሸክላ ማሰሮ፣ ዙሪያውን በእርጥብ ጨርቅ። ፍሪዘር ውስጥ አስገብቼ አንድ ፓኬት ገድያለሁ፣ በረዶ ከነካው አለቀለት።

ፋርማሲስቷ፦
ልክ ነህ። በሥራ ላይ ያለው ፔን ግን ፍሪጅ አይገባም፣ ከ30 ዲግሪ በታች ጥላ ይበቃዋል። ሚክስታርድ ከተጀመረ እስከ 6 ሳምንት ነው፣ የእናቷ እዚያ ሳይደርስ ያልቃል።

ሽፈራው አፍቃሪ፦
ይሄ ሁሉ ጣጣ ለምን? ሽፈራውን በባዶ ሆድ ለ40 ቀን ትጠጣ፣ ስኳሯ ይወርዳል፣ መርፌውን ትተወዋለች።

ትግስት ዘ ጎፋ፦
በእግዚአብሔር ስም መርፌዋን አታስቁምባት። እኔ ሁለት ቀን ሳላውቀው አቁሜ 438 ነው የደረስኩት!

ሳሪስ አቦ፦
ትግስቴ ያ ልጅ አሁንም እዚያው ፋርማሲ ነው? ጎፋ ካምፕ አካባቢ ከሆነ እኔንም አንዴ ሸውዶኛል።

ትግስት ዘ ጎፋ፦
ስም አልጠራም አልኩ እኮ። በውስጥ መስመር ና።

እንዳለ የመርካቶው፦
መርካቶ ኑ ስላችሁ አትሰሙም።

ማሂ የእማዬ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ፋርማሲስቷ በተለይ እግዚአብሔር ይስጥሽ። ሦስት ቤት ደወልኩ፣ አንዱ አለ ብሎ የላከልኝ ፎቶ የብልቃጥ ነው 🙈። አንዱ ሰኞ ደውዪ ብሏል። ወንድሜ ደግሞ "ሁለት ቀለም አለ፣ ብርማ ወይስ ሰማያዊ?" እያለ ይጨቀጭቀኛል። እማዬ ሰማያዊ ብላለች። መርፌው ስንት ሚሊሜትር ይሁን?

ገርጂ 12፦
4 ሚሊሜትሩ ይበቃታል፣ አባቴም እሱን ነው።

ናሆም ቢ፦
ኖቮፔን ቆረጥሽ ማለት ነው? ሰኞ ምን አሉሽ?

ቀለሟ 07፦
ይቅርታ በመሐል ገባሁ። የአኩቼክ (የስኳር መለኪያ) ስትሪፕ የት በጥሩ ዋጋ እንዳለ የምታውቁ?

እንዳለ የመርካቶው፦
እኛ ፋርማሲ አለ። ነይ።